የአቶ ባሳ ቀይ እብነ በረድ

በእኛ ዘመን ድንጋይ ማለት፣ በጥንቃቄ ልተርጉምላችሁ፣ ከመሬት የሚገኝ፣ ጠንካራ፣ ባለቤት የሌለውና የእግር ጣት የሚመታ ነገር ነበር። ታዲያ እዚህ መንደራችን ሃላሌ፣ ከቤታችን በላይ ባለው ጉብታ ቀይ ድንጋይ ሞልቷል፤ በር እንደግፍበታለን፣ ልብስ እናሰጣበታለን፣ እና የእኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ከሶዶ መጣና «ይኼ እኮ እብነ በረድ ነው!» ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ጉብታው ባለቤት በባለቤት ሆነ።

ከሁሉም የባሰው ጎረቤቴ አቶ ባሳ ነው። የአባቱን መቃብር አሠርቶ ዘመድ ሊጠራ አስቧል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ አረካ ከተማ ለራሱ አባት የሲሚንቶ መቃብር አሠርቷል። ታዲያ ባሳ በየለቅሶው ደረቱን ነፍቶ ምን ይላል መሰላችሁ? «የእኔ አባት ሲሚንቶ ሥር አይተኛም! ቀይ እብነ በረድ ነው የማለብሰው!» ማን ጠየቀው? ግን አንዴ ከአፉ ወጣ፣ አረካም ሰማ፣ ሶዶም ሰማ፣ እና ቢቀር ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው።

የወንድሜ ልጅ ጂኦሎጂ ተምራለች። ባሳ ከጉብታው የመረጠው ድንጋይ ላይ ሎሚ ጠብ አደረገች፣ አረፋ አወጣ።

«ጋሼ ባሳ፣ እብነ በረድስ ነው፤ የኖራ ድንጋይ መሬት ውስጥ በስሎ ነው እንዲህ የሚሆነው። ቀዩ ግን ዝገት ነው። ብረት ያለበት ውሃ ከላይ ገብቶበት ነው፤ ቆዳው ላይ ቀርቶ ወደ ውስጥ ላይዘልቅ ይችላል። እስቲ ትንሽ ሰብረን እንየው።»

«ዝገት? የአባቴን ድንጋይ ዝገት አልሽው? ለመሆኑ ድንጋይ ቆዳ አለው?»

«ይኼኛው አለው።»

እሱ ግን አላሰበረም። ጎረምሶች በድጅኖና በመዶሻ ሲታገሉ ከረሙ፤ እኔም ዳር ቆሜ «አይዟችሁ» በማለት ብዙ ደክሜያለሁ። ድንጋዩ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሶዶ ሄደ፣ መቁረጫው ማሽን ጮኸ ጮኸና ለሁለት ከፈለው። ውስጡ ዓመድ! ዓመድ የመሰለ ግራጫ! ባሳ ድንጋዩን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ እና ባለማሽኑን «ምን አደረግህበት?» አለው።

ዘመድ በማግሥቱ ነው የሚመጣው። ታዲያ ምን ያድርግ፣ ቀለም መሸጫ ገባ።

ዘመድ መጣ፣ የሚስቱም ወንድም መጣ፣ ድንጋዩን ዳሰሰና መዳፉን ገልብጦ አየ። ቀልቷል።

«አማቼ፣ እብነ በረድህ አልደረቀም እኮ።»

«ትኩስ ነው» አለ ባሳ፣ ፊቱን ሳያዞር፤ «ገና ከመሬት መውጣቱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዓመት በተለወጠ ቁጥር፣ በየጊፋታው፣ ይቀባል። ዘንድሮ ሶዶ ላይ ቀይ ቀለም ጠፋ። አባትየው አሁን አረንጓዴ እብነ በረድ ሥር ተኝተዋል።