በቀትር እንቅልፍ የተፈተነ ደብተር

በድሬዳዋ ቀትር ላይ ከተማውን የምትረከበው ፀሐይ ብቻ ናት። ሱቁ ይዘጋል፤ ጋሪው ይቆማል፤ የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ውሃ ሳይኖርበት ውሃ መስሎ ይርገበገባል፤ ሰውም ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚታይ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ልቡ ያዘነ ነው።

አየነው እንግዳ አልነበረም። ዕድሜው ሃያ አራት ሲሆን፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቶ የሚያስተምር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብ ወለድ ሲጽፍ የኖረ ወጣት ነው። ወደ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት የላከውን ደብተር ዛሬ ፖስታ ቤት መልሶ ሰጠው። በላዩ ትንሽ ወረቀት ተሰክቶበታል፦ «እስከ ሦስተኛው ገጽ አንብበነዋል። ከአክብሮት ጋር ተመልሷል።»

ማንም ሳያየው ቤቱ ለመግባት አስቦ ነበር። ነገር ግን ከሮቃው ዛፍ ሥር ሰሌን አንጥፈው የሚሰፉት ወይዘሮ ዘርፈሽ ቀድመው አዩት።

«የኔታ! በዚህ ሐሩር ምን ታቅፈህ ትዞራለህ? ሕፃን ነው እንዳልል አያለቅስም።»

«ደብተር ነው፣ እትዬ።»

«እርሱ ባያለቅስ አንተ ልታለቅስ ነው። ና፣ ጥላ ግባ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽ የባቡር ሠራተኞችን ልብስ የሚሰፉ ጎረቤት ናቸው። ከቄስ ትምህርት ዳዊት ደግመው ወጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያነበቡት ክር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ቁራጩ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ እርሳቸው ግን አይጥሉትም።

አየነው ወረቀቱን አሳያቸው። ጋሼ ገብረ መድኅን፣ ትኬት ተቆጣጣሪው ጎረቤታቸው፣ ቅዳሜ በዕረፍታቸው አዲስ አበባ እንደሚሄዱና ደብተሩን በእጃቸው ሊያደርሱለት ቃል እንደገቡ ነገራቸው። «ዳግመኛ ከተመለሰ ግን ምድጃ ይግባ ብዬ ምያለሁ» አለ።

«ከመቃጠሉ በፊት እንግዲያው እኔ ልስማው» አሉና መርፌያቸውን እንደያዙ ጋደም አሉ።

አየነው ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ለፈጣሪ ምስጋና፤ ቀጥሎ ለአንባቢ ሰላምታና ስለ ስሕተቱ ይቅርታ፤ ከዚያ የባለ ታሪኳ አያትና ቅድመ አያት፣ የትውልድ አገራቸው አየር፣ የመጽሐፉም ጥቅም። የሮቃው ጥላ በገጹ ላይ ይወዛወዛል። ከጣቢያው ወገን አንድ ባቡር በቀስታ ይተነፍሳል። የንባቡ ድምፅ ለራሱ ለአየነውም ከሩቅ የሚመጣ ይመስለው ጀመር። የወይዘሮ ዘርፈሽ መርፌ ከእጃቸው ወድቃ ከተኙ ብዙ እንደሆናቸው አላየም። እርሱ ያነባል፤ እርሳቸው ያንኮራፋሉ፤ ቀትሩም ሁለቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ድንገት ብድግ አሉ። «ጫማዋስ?»

«የምን ጫማ፣ እትዬ?»

«ሕልም አየሁ መሰለኝ። አንዲት ልጅ ከባቡር ወረደች፤ ባንድ እግሯ ጫማ አለ፣ ባንዱ የለም። ጣቢያው ባዶ ነው። ባቡሩ ሊሄድ ነው። እርሷ ግን እግሯን አታይም፤ መስኮቱን ነው የምታየው። መስኮቱ ላይ ማን ነበር?»

አየነው የገለጠውን ገጽ ተመለከተ። «እትዬ… እርሱ ሕልም አይደለም። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ነው።»



«ታዲያ ምን አድርጋህ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ፣ «ይህችን የመሰለች ልጅ ከአሥራ ስምንት ገጽ ሥር የቀበርካት? ከፊት አውጣት እንጂ!»

አየነው ቆጣ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ሰው ደጅ ደርሶ ሰላም ሳይል ወሬ የሚጀምር ምን ይባላል?»

«ባለጌ ይባላል።»

«እንግዲያው መጽሐፌ ባለጌ ይባል? ጨዋ መጽሐፍ እጅ ይነሣል፤ ዘሩን ይናገራል፤ የመጣበትን ጉዳይ ቀስ ብሎ ይገልጣል።»

«እውነትህን ነው» አሉ፤ መርፌያቸውንም ፈልገው ክር ያስገቡ ጀመር። «ባለፈው ረቡዕ ወተት የሚያመጣልን ፋራህ ከጀልዴሳ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታው አያልቅም። ‹ነበድ? ደኅና? ቤቱ ሰላም? ዶሮዎቹ ሰላም?› ይለኛል። የዚያን ዕለት ግን ከኋላው የማላውቃት ግመል ቆማለች። አዲስ የሙሽራ ቤት ምንጣፍ፣ በቀይ ክር የተጠለፈ፣ ተጭኖባታል። ሙሽራ የለችም። እርሱ ስለ ዶሮዎቼ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግመሏን አያለሁ።»

ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው ስፌታቸውን ቀጠሉ።

«ከዚያስ?» አለ አየነው።

«ከዚያማ የፋራህን ዘር ማንዘር ልንገርህ። አያቱ በዋሂል መንደር በኩል…»

«ኧረ እትዬ! ሙሽራዋ ምን ሆነች?»

ወይዘሮ ዘርፈሽ ሰሌኑ እስኪንሸራተት ሳቁ። «አቦ፣ ያዝኩህ! አያቱን ጠልተህ ነው? አይደለም። ልብህ ግመሏ ዘንድ ስለሄደ ነው።»

አየነው ሊስቅ ፈለገ፣ ኩራቱ ከለከለው። «ይህ እኮ አንባቢን ማጥመድ ነው። እኔ የጻፍኩት ሰው እንዲመከርበት ነው።»

«ምክር ለነቃ ሰው ነው፣ ልጄ። አሁን አሥራ ስምንት ገጽ ሙሉ መከርከኝ፤ ምን ሰማሁ? ሰላምታም አልከለከልኩህም፤ ከሰላምታው ኋላ ግመል ትቁም ነው ያልኩህ።»

«እሺ፣ ጫማውን ከፊት ላድርገው።»

«ጫማ ብቻውን መጋላ ገበያም ሞልቷል! እኔን የቀሰቀሰኝ ዓይኗ ነው። ጫማዋን ትታ መስኮቱን ስታይ፣ ከጫማ የሚበልጥ ነገር እንደጠፋባት ገባኝ። ያንን አንተ አልነገርከኝም፤ ራሴ አገኘሁት። ሁሉን አኝከህ የምታጎርሰኝ ከሆነ ጥርሴ ለምን ተፈጠረ?»

«አያት ቅድመ አያቷንስ የት ልጣላቸው? ሁለት ወር ነው የለፋሁባቸው።»

«አትጣላቸው። ልጅቱን ከወደድኳት በኋላ እኔው ራሴ የማን ልጅ ናት ብዬ እጠይቅሃለሁ። ያን ጊዜ ንገረኝ፤ ያን ጊዜ አልተኛም።»

አየነው የተመለሰለትን ወረቀት እንደገና አየ። የማተሚያ ቤቱ ሰው እንደናቀው አድርጎ ነበር የቆጠረው፤ አሁን ግን እንደ እትዬ ዘርፈሽ በቀትር ጥላ ሥር እንቅልፍ የወሰደው ደካማ ሰው ሆኖ ታየው። ቂሙም ለቀቀው። ደብተሩን ይዞ ተነሣና ጥቂት ሄዶ ዞር አለ።

«ሙሽራዋስ ግን?»

«ከግራር ሥር እንቅልፍ ጥሏት፣ ግመሏ ጥላት ሄደች። ኋላ ሙሽራዋ እዚሁ በሬ ላይ ደረሰች፤ ከነአጃቢዎቿ፣ ግመሏን እየሰደበች። በል ሂድ፤ አሁን ጻፍ።»

ሦስት ቀን ጻፈ። ልጅቱን ባንድ እግር ጫማ ከመጀመሪያው መስመር ላይ አወረዳት። ምስጋናው ባጭሩ ቀረ፤ አያቶቹም ወደ ኋላ ሄደው ተራቸውን ጠበቁ። የሚገርመው፣ እዚያ ሲቀመጡ በአየነው በራሱም ዓይን ሕይወት ዘሩ። ቅዳሜ ደብተሩ ከጋሼ ገብረ መድኅን ጋር ተሳፈረ። አየነው ግን ከዚያ ወዲህ የቀትር እንቅልፍ አልወስድህ አለው፤ ባቡር በተነፈሰ ቁጥር የምድጃው መሐላ ትዝ ይለዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ገብረ መድኅን ተመለሱ። ከሮቃው ሥር ቆመው ባርኔጣቸውን እያራገቡ፣ «አንተ ልጅ» አሉ፣ «የላክኸኝ ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ጨዋ አይደለም።»

አየነው ወደ እርሳቸው ተጠጋ። «ምነው፣ ጋሼ?»

«እንደምን አሉ ብዬ ደብተሩን ሰጠሁት። ገለጥ አደረገው። ሰላምታዬን አልመለሰ፤ ተቀመጥ አላለኝ። እዚያው እንደቆመ ይገልጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

«ሦስተኛውን አለፈው?»

«እኔ ቆሜ ቆጥሬያለሁ! ወንበር እንዳለ ትዝ ያለው አሥራ አንደኛው ላይ ነው፤ እርሱንም ራሱ ነው የተቀመጠበት! ሲመሽ ሊዘጉ ሲሉ ነው ያየኝ። ‹እናትምለታለን፤ ደብዳቤ እንልካለን› አለኝ።»

«ሰማህ፣ የኔታ?» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ። «መጽሐፉ እጅ ሲነሣ የተኛው ሰውዬ፣ ግመሏን ሲያይ ወግ ማዕረጉን ረሳ።»

እንዲህ ነው። ብዕር የያዘ ሁሉ ከዚህ ቢማር አይጎዳም፦ አንባቢ እንግዳችን ነው፤ እንግዳንም ደጅ አቁሞ ዘር መቁጠር አክብሮት አይደለም። የሚወደውን ሰው አስቀድሞ ያሳዩት እንደሆነ፣ ምክሩንም ዘሩንም ራሱ ለምኖ ይወስዳል፤ ጸሐፊውም ድካሙ ሜዳ ላይ አይቀርም።

አየነው በሰሌኑ ጠርዝ ተቀመጠ፤ ከዚያ ጋደም አለ። የሮቃው ጥላ ፊቱ ላይ ይወዛወዝ ጀመር።

«አንተ፣ እንግዲህ ለእኔ ንገረኝ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ፤ ስፌታቸውን አስቀምጠው ወደ እርሱ ተጠጉ። «መስኮቱ ላይ ማን ነበር?»

አየነው ግን ተኝቷል።