በጸበል የዘገየው መርፌ

«በእኛ ዘመን ጉልበቱ የታመመ ሰው ወጌሻ ያሸዋል፣ ቅቤ ይቀባል፣ አልሆን ሲለው ዱላ ይቆርጣል፤ አበቃ!» ብሎ ነበር የሚጀምረው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። የጉልበቱን ወሬ ሳልረሳው፣ በራሱ አንደበት፣ እሱ እንዳወራው አድርጌ ልጻፈው።

ታዲያ እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ሸማኔ ያለ ጉልበት ምንድን ነው? መርገጫውን መርገጥ አቅቶኝ ዓመት ሙሉ እቃዬ ላይ ሸረሪት ሸመነችበት። እና ከአገራችን ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄድን፤ ሐኪሙም «ያለቀውን መጋጠሚያ እንቀይረዋለን» ብሎ ቀን ሰጠኝ። ነርሷ «ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ እንዳይቀምሱ» ብትለኝ፣ «ልጄ፣ ጾም ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?» አልኳት።

ታዲያ በማለዳ ይህችው ሚስቴ ጸበል በጠርሙስ ይዛ ከተፍ! «ጠጣ።» «ውሃ አትቅመስ ተብያለሁ እኮ!» «ይሄ ውሃ ነው እንዴ? ጸበል ነው! አፈር ስሆን ጠጣ!» እኔም እውነት መሰለኝና ግጥም አደረግሁት።

ታዲያ የማደንዘዣዋ ልጅ መጣች። «አባባ፣ ምንም አልቀመሱም አይደል?» ሚስቴን አየኋት፤ ሚስቴ ጣራ ጣራውን ታያለች። ስሙኝማ! ብናገር ተራዬ ሊያልፍ ነው፣ ሐኪሙ የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ብደብቅስ? ጸበል ጠጥቼ ልዋሽ?

«ልጄ፣ ጸበል ጠጥቻለሁ» አልኳት።

«ምን ያህል?»

«ሙሉ ጠርሙሱን!»

ትቆጣኛለች ስል ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። «እንኳን ነገሩኝ፣ አባባ። ማስተኛት ቢያስፈልግና ቢያስመልስዎ ሳንባዎ ውስጥ ይገባ ነበር። ሌላ ሰው ይቅደም፤ እርስዎ ከሰዓት ይገባሉ።» ሚስቴ ፊቷ አመድ መሰለ፣ እኔ ግን ነፍሴ መለስ አለች።

እና ከሰዓት ገባሁ። ያቺው የማደንዘዣዋ ልጅ ወገቤን በመርፌ ወጋችኝና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ነቅቻለሁ እኮ! መዶሻው ኳ፣ ኳ ሲል እሰማለሁ። «አናጢ አስገባችሁ እንዴ?» ብል ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ። ያቺ ልጅ እስኪያልቅ ድረስ እጄን አልለቀቀችም፤ ዘሯ ይባረክ!

ባለቤቴ ይህን ሁሉ የሚያወራው የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከጎረቤት አንዱ «ታዲያ ያዳነህ ጸበሉ ነው ሐኪሙ?» ይለዋል።

«ሁለቱንም የሰጠ አንድ እግዜር ነው፤ ሰዓቱን ያሳሳተችው ይህቺ ናት!»

«ምነው ምላስህንም ባደነዘዙት ኖሮ!» እለዋለሁ እኔ። በሳቅ ይፈርሳል፤ እየሳቀም እግሩ መርገጡን አይተውም። ሦስት ዓመት እንዲያ ሸመነ፤ ተመስገን።