የናጃህ ሆድና የአያቱ ለጋ ቅቤ

የገበያ ዕለት ነበር። ወይዘሮ ከድጄ የሦስት ወር የልጅ ልጃቸውን ናጃህን አዝለው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ በእጃቸው ይዘው፣ ቡታጅራ አስፋልቱ ዳር ካለች መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ባጃጅ ይጠብቃሉ። ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ እስኪቀላ እያማጠ ያለቅሳል። ሰገራ ከወጣለት ሦስት ቀን ሆኖታል።

“እማማ ከድጄ! አሰላሙ አለይኩም!”

ዞር ሲሉ ኑኃሚን ናት። የጎረቤታቸው የአቶ ገሠሠ ልጅ፣ ከልጃቸው ከሃሊማ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ የተማረች፣ አሁን ወልቂጤ በነርስነት የምትሠራ ናት። ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታለች። ከድጄ ይህችን ልጅ ያለ ሃሊማ አይተዋት አያውቁምና ዓይናቸው ሳያስቡት ከጀርባዋ ሌላዋን ፈለገ።

“ወአለይኩም ሰላም፣ የኔ ልጅ። እሷማ የለችም” አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

“ሰምቻለሁ እናቴ። ፈጣሪ ይማርልን።”

ሃሊማ በወለደች በስድስተኛ ሳምንቷ የደም ካንሰር ተገኝቶባት አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ናት። የምትወስደው መድኃኒት በወተቷ ወደ ልጁ ስለሚያልፍ ማጥባት ተከለከለች። ጡቷ በቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ፣ ልጇን አስረክባ መኪና ስትሳፈር ከድጄ ቆመው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ናጃህ የሚያድገው በዱቄት ወተት ነው።

“ይኸው የቆርቆሮው ወተት አንጀቱን አደረቀው” አሉ ከድጄ። “የልጅ አንጀት የሚለሰልሰው በቅቤ ነው። ሃሊማንም ያሳደግኳት እያስዋጥኩ ነው። ለእሱ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ነበር የምሰጠው፤ ዛሬ ሁለት አደርግለታለሁ።”

ኑኃሚን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ሕፃኑን ተቀብላ ሆዱን ዳሰሰች፤ ትኩሳትና ትውከት እንዳለው፣ ደም ታይቶበት እንደሆነ ጠየቀች። አንዱም አልነበረም።

“ወተቱን እንዴት ነው የሚበጠብጡት፣ እማማ?”

“አንድ ማንኪያ አድርጊ ሲሉኝ አንድ ተኩል አደርጋለሁ። እናቱ የሌለችው ልጅ ደግሞ ቀጭን ወተት ይጠጣ?”

“ድርቀቱን ያባሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዱቄቱ ሲበዛ ውሃው ያንሰዋል። ደግሞም የዱቄት ወተት የሚጠጣ ልጅ ሰገራው ጡት ከሚጠባው መጠጠሩ የተለመደ ነው። አንዱ ምክንያት ቅባቱ ነው።”

“ቅባት?” ከድጄ ቅር አላቸው። “ቆርቆሮው ውስጥም ቅባት ካለ የእኔ ቅቤ ምን በደለ?”

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ብዙ የተማረ ሰው እንኳ ቅባት ሁሉ አንድ ይመስለዋል።

“በሃሊማ ወተትም ቅባት አለ” አለች ኑኃሚን። “የሕፃን ጉልበት ግማሹ ከቅባት ነው። ግን የእናት ወተት ቅባት አንጀቱ በቀላሉ እንዲቀበለው ሆኖ የተሠራ ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከዕፅዋት ዘይት የተቀመመ ነው፤ በአንዳንዱ የፓልም ዘይት ይበዛል።”

“ያ በብርድ የሚረጋው ዘይት?”

“እሱ ራሱ። የእሱ ቅባት አንጀት ውስጥ ሲፈጭ ለአጥንት ከሚሆነው ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል። በጉድጓድ ውሃ ልብስ ሲያጥቡ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ብሎ ነጭ ዝቃጭ ሳፋው ላይ ሲቀር አይተው የለ?”

“ሁልጊዜ ነዋ!”

“እንደዚያ ነው የሚሆነው። ቅባቱም ካልሲየሙም ለልጁ ሳይጠቅሙ ይወጣሉ፤ ሰገራውም ይጠጥራል። ቅቤው ደግሞ ይህን አያቃናም። ሕፃን ሲያስውጡት ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ጀርምም ይዞበት ይመጣል፤ የወተቱንም ቦታ ይሻማል።”

ከድጄ ጥቅሉን አዩት።

“ታዲያ ከእኔ እጅ ምን ይድረሰው? እናቱ ጡቷን ተከለከለች። እኔ ደግሞ እሷን ያሳደግኩበትን ለልጇ ስሰጥ፣ እሷን ራሷን የታቀፍኩ ይመስለኛል። ይህንንም ልትወስጂብኝ ነው?”

ኑኃሚን የአሮጊቷን ትከሻ አቀፈች። ጓደኛዋ እሷንም ናፍቃታለች።

“ጡጦውን አጥበው በፈላ ውሃ ሲቀቅሉ፣ ማንኪያውን ልክ ሲያደርጉ፣ አቅፈው ሲያጠጡት፣ ሃሊማ እዚህ ብትሆን የምታደርገውን ነው የሚያደርጉት። ይህ ከእጅዎ ነው የሚደርሰው።”

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለሕፃን ቅቤ ያስዋጡ የነበረው ልጅ ጠልተው አይደለም፤ ከቤት ያለውን ምርጥ ነገር መስጠታቸው ነበር። ዛሬ የተሻለ ስናውቅ ግን ፍቅራችንም መንገዱን መለወጥ አለበት።

ሦስት ቀን ብዙ ነውና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሐኪሙ የሚያሰጋ ነገር አላገኘም፤ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ እንዲበጠበጥ፣ ቅቤው እንዲቀር አዘዘ። በሳምንቱ ለውጡ ትንሽ ስለነበር ራሱ ሐኪሙ የፓልም ዘይት የሌለበት ወተት መረጠለት። በሁለተኛው ሳምንት ናጃህ ሳያምጥ ወጣለት፤ እንቅልፉም ተስተካከለ።

ከድጄ አሁን ለሰፈሩ አራስ ሁሉ ይመክራሉ። “ጡት ያለሽ ስድስት ወር ጡትሽን ብቻ ስጪ፤ እሱን የሚያህል የለም። ያልቻልሽ ሐኪም ጠይቂ፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አስነብቢ፤ ማንኪያ አታብዢ፤ ቅቤም አታስውጪ። አንጀቱ ካልተቃወሰ ልጁ ይጠግባል፣ አጥንቱ ይጠነክራል፣ አንቺም እፎይ ትያለሽ።”

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኑን እያጠጡ ሳለ ሃሊማ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። ከድጄ ስለ ቅቤው አንድም ሳይደብቁ ነገሯትና ይቅርታ ሊጠይቁ ጀመሩ።

“እማ፣ ተይው” አለቻቸው። “አሁን አታውሪ። ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጊልኝ።”

ከድጄ ስልኩን አስጠጉላት። ናጃህ ይስባል፣ ይውጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስብና እንደገና ይስባል። ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ ስልኩን አላራቁም። ጡጦው እስኪያልቅ ሃሊማ ልጇ ሲጠጣ አዳመጠች።