በሰዓዳ ካሳ ቀናሁ

በስደት አገር፣ ዴም ሰፈር፣ እኔንና አብራኝ ቤት የተከራየችውን ሰዓዳን አንድ ራክሻ፣ ባለሦስት እግር ባጃጅ፣ ገጨን። የእኔ እጅ፣ የእሷ እግር ተሰበረ። ነጂው "ማሌሽ፣ ማሌሽ" እያለ ይቅርታ እየለመነ ሲያለቅስ አንጀቴ አልችል አለና "አላህ ይማርህ" ብዬ ለቀቅኩት። እሷ ግን ፖሊስ ጠርታ ከሰሰችው። ካሳ ተፈርዶላት አርፋ ስትታከም፣ እኔ በጠመመ እጄ የሰው ቤት ልብስ እጨምቃለሁ። ቅናት ሲያንገበግበኝ "ጠበቃሽ ዘንድ ውሰጂኝ" አልኳት።

ጠበቃው በዓረብኛ "ነጂውን ይቅር ብለሽዋል? ይቅር ካልሽው ካሳ የለም" አለኝ። መዋሸት አቅቶኝ "አዎ" ልል አፌን ስከፍት ሰዓዳ ቀደመችኝ፦ "ይቅር ያለችው እኮ በአማርኛ ነው! ሰውዬው ምን ይሰማል? ምስክሯ እኔ ነኝ!" ጠበቃው በሳቅ ፈርሶ "ያላ፣ እንከሳለን" አለ። እኔ ደግሞ፣ ወላሂ፣ ደስ ከማለቴ በፊት በምላሷ ቀናሁ።