አልማዝ ባለጭራና የአቶ ከሊፋ ወገብ

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፤ የሰበታው ጨርቅ ነጋዴ አቶ ከሊፋ በቀኝ ጎናቸው እንደ እሳት የሚለበልብ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከተደረደረባቸው ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። አልማዝ ባለጭራ መሆኑን ጎረቤቱ ሁሉ ነግሯቸዋል። ራሱና ጭራው ወገብን ዞረው የተጋጠሙ ዕለት ሰው እንደማይተርፍም አብሮ ነግሯቸዋል። እሳቸውም የሙያቸውን አደረጉ፤ የቀረውን ክፍተት በየማለዳው በጨርቅ መለኪያው ሜትር ያስለካሉ። ክፍተቱ አንዱን ቀን ይሰፋል፣ ሌላውን ቀን ይጠባል። ትንፋሽ ሲስቡና ሲለቁ ወገብ እንደሚለዋወጥ ማን ይንገራቸው?

ግራ ቢገባቸው ተፍኪ ከተማ፣ የባህል ሐኪሙ ኦቦ ኢቲቻ ዘንድ ሄደው ቁስሉን በጋለ ብረት ሊያስተኩሱ ተነሡ። አውቶቡስ ሲጠብቁ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የጤና ትምህርት ቤት ተማሪው ውብአየሁ አገኛቸው።

«ጋሼ ከሊፋ፣ እንደምን አደሩ? ጎንዎን ምን ነካዎት?»

አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አይጋጠምም» አለ ውብአየሁ። «በሽታው የሚሄደው በነርቭ መስመር ነው። ነርቩ ከጀርባ ተነሥቶ፣ በአንድ ጎን ዞሮ፣ ሆድ መሐል ላይ ያበቃል። በልጅነትዎ ጉድፍ፣ ያ ውሃ የሚቋጥረው የልጆች ሽፍታ፣ ወጥቶብዎት ነበር?»

«ወጥቶብኛል። እሱ ከዳነ ስንት ዘመኑ።»

«የዳነው ቆዳዎ ነው። በሽታው ነርቭዎ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ ሰውነት ሲደክም ይነሣል።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ቤቴ ተቀምጦ እኔ ባለቤቱ አላወቅሁም በለኛ» አሉ አቶ ከሊፋ ቅር ብሏቸው። «ለሰውስ ይተላለፋል?»

«አልማዝ ባለጭራ ሆኖ አይተላለፍም። ጉድፍ ያልወጣበትን ሰው የቁስሉ ውሃ ከነካው ግን ጉድፍ ይወጣበታል።»

«ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም? አንዱን ምረጥ እንጂ ልጄ።»

ባይገባቸው አይፈረድባቸውም፤ ሐኪሞቹም ቢሆኑ ብዙ ተከራክረውበታል። ውብአየሁ ታግሦ ደጋግሞ አስረዳቸው። ብረቱ በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድንም። ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ሳያፈርጡ በንጹሕ ስስ ጨርቅ መሸፈን፣ ከጤና ጣቢያ ማሳከኩን የሚያበርድ ቅባትና የሕመም ማስታገሻ መውሰድ ይሻላል። ግንባር ላይ ወይም ዓይን አጠገብ ከወጣ ግን ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

«ክትባት ገና አልተገኘለትም» አለ በመጨረሻ። «ቅርፊቱ እስኪደርቅ ከነፍሰ ጡርና ከአራስ ልጅ ይራቁ።»

የአቶ ከሊፋ ፊት ተለወጠ። «ሜትሩን የምትይዝልኝ ልጄ ራቢአ ናት» አሉ። «ለመውለድ እኔ ቤት መጥታ።»

«ጉድፍ ወጥቶባት ያውቃል?»

«እንጃ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈሩም። ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሃዋን ሰላም እንኳ ሳይሉ ጠየቋቸው።

«በልጅነቷ ወጥቶባታል» አሉ ወይዘሮ ሃዋ። «እርስዎ ያኔ ለንግድ ጅማ ነበሩ።»

አቶ ከሊፋ ልባቸው አርፎ ደጁ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ቁስላቸው ሳያመረቅዝ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ጥቂት ሰነበተ። ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ሳይጠየቁ ስለ ነርቭ ያስተምሩት ጀመር። ነርቩን ከየት አስነሥተው ወዴት እንደሚወስዱት ለራሳቸውም አይጠራላቸውም፤ ሆኖም በዚያ ሰሞን ሁለት ጎረቤቶች ከትኩስ ብረት ድነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደዋል።

ራቢአ ወንድ ልጅ ስትገላገል የአባቷ ቅርፊት ገና አልረገፈም ነበር። አቶ ከሊፋ ሕፃኑን ከበሩ ላይ ቆመው አዩት።

«ይታቀፉት እንጂ» አሉ ወይዘሮ ሃዋ።

«ይቆይ፣ ቅርፊቱ ይርገፍ» አሉ አቶ ከሊፋ። «ጊዜ አለኝ።»