ሙሉውን ይዘው የተመለሱት ወይዘሮ ብርሃንነሽ ደምሰው

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች፣ ካህናት አባቶቻችን፣ ከዚሁ ከጅማ፣ እንዲሁም ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሸቤ ድረስ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ አስከሬኑ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ወደ ቤተክርስቲያን ከመሸኘቱ በፊት የእህታችንን የወይዘሮ ብርሃንነሽ ደምሰውን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ ያዘዘው እኔን፣ የእድራችሁን ሰብሳቢ ሸኩር አባቦራን ነው። ሟች ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳሉ፤ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ አንድ አጥር ለሁለት ተካፍለን ኖረናል። አብዛኛውን የጻፍሁት ከማውቀው ነው። ያላወቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ዛሬ ጠዋት አውቄ መጨረሻው ላይ ጨምሬዋለሁና ታገሡኝ።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ ከአባታቸው ከአቶ ደምሰው ገብረየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅያንጥፉ በላቸው በ1954 ዓ.ም. በጅማ ከተማ፣ እዚሁ ቦሳ አዲስ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከመርሐቤቴ መጥተው በዚህ ከተማ የተደላደሉ ልብስ ሰፊ ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ በቡና መጋዘን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ ከደኅናው እየለዩ የሚጥሉ ለቃሚ ነበሩ። ሕፃኗም ከትምህርት ቤት መልስ እናታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው የቤት ሥራቸውን እየሠሩ፣ በአንድ እጃቸው ቡና ይለቅሙ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በጅማ በጥሩ ውጤት አጠናቀው በ1973 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ገቡ። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ዓመት እንደጀመሩ አባታቸው በድንገት ስላረፉና ሦስት ታናናሾቻቸው በእናታቸው የቀን ሥራ ብቻ ሊያድጉ ስላልቻሉ፣ የአርባው ማግስት ኮሌጁን አቋርጠው ሥራ ፍለጋ ወጡ። መጻሕፍታቸውን በአባታቸው የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ሲቆልፉ እኔ ቆሜ አይቻለሁ። እናታቸው ይህን ቀን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም፤ የልጃቸው ትምህርት በግማሽ የቀረው በእሳቸው ድህነት እንደሆነ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ከዚያም ወይዘሮ ብርሃንነሽ በቡና ጥራት ምርመራ ጣቢያ ለምርመራ የሚመጣውን የቡና ናሙና በመቁላት ሥራ ተቀጥረው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀማሽ ሆኑ። ቀማሽ ማለት ቡናውን በማንኪያ በኃይል ምጎ፣ ምላሱ ላይ አዳርሶ የሚተፋ ሰው ነው፤ እኔ ራሴ አንድ ቀን ሥራቸውን ልጎበኝ ሄጄ፣ እኚያ ጨዋ ጎረቤቴ እንዲያ ሲምጉ ብሰማ አፍሬ ወጥቻለሁ። ነገር ግን ከአንድ ማንኪያ ተነሥተው ይህ የሸቤ ነው፣ ይህ የጎማ ወረዳ ነው፣ ይህኛው ዝናብ መቶታል ሲሉ የሚሳሳቱት እምብዛም ነበር። የጅማ ቡና አፈር አፈር ይላል እየተባለ በየገበያው ሲናቅ ያንገበግባቸው ነበርና፣ ጥፋቱ የፍሬው ሳይሆን ቡናው መሬት ላይ መድረቁ ነው ብለው ደጋግመው ጻፉ፤ ዲግሪ የሌለው ሰው የጻፈውን ግን የሚያነብ አልተገኘም።

በ1977 ዓ.ም. ከመምህር ዘለቀ ወንድይፍራው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው በ1979 ዓ.ም. አንዲት ልጃቸውን ጽዮናዊትን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1996 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ፣ ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው በዚያው ዓመት ያቋረጡትን ትምህርት በማታ ቀጠሉና፣ ከልጃቸው እኩዮች ጋር ተደባልቀው በአርባ አራት ዓመታቸው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። እኛም አሁን ያርፋሉ ብለን ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አንዲት ፈረንሳዊት ተመራማሪ ለሁለት የቡና ወቅት ወደ ከተማችን መጥተው፣ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ያስተዋሉትን ነገር በጥሞና አድምጠው፣ ይህ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሊጠና ይገባዋል ብለዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ይዘው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈረንሳይኛ ሲያጠኑ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ስሰማ ኖሬያለሁ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻም በፈረንሳይ አገር ሞንፔሊዬ በምትባል ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ዕድል አገኙ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ እኔ ተቃውሜያለሁ። ሦስት ሽማግሌዎች አስከትዬ ገብቼ፣ "ማሎ፣ እባክሽ ብርሃኔ፣ በኃምሳ ዓመትሽ ደብተር ይዘሽ ባሕር ማዶ ምን ልትሆኚ ነው? እናትሽስ?" አልኳቸው። ምሳ አቀረቡልን፤ እስክንጨርስ በትዕግሥት አደመጡን፤ ከዚያ ቅዳሜ ሻንጣ የሚያነሣልኝ ሰው ቸግሮኛል አሉኝ። ያነሣሁት እኔው ነኝ። ግማሹ የቡና ናሙና ስለነበር ወገቤን ለሳምንት አሞኛል።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ግን በር ላይ ቆመው ልጃቸውን ሲስሙ የተናገሩት ቃል ይህ ብቻ ነበር፤ "ሂጂ። ግን ግማሽ ነገር ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።"

በሞንፔሊዬ የገጠማቸው ቀላል አልነበረም። መምህር ወደ ክፍል ሲገባ እኛ እንደለመድነው ብድግ ብለው ሲቆሙ፣ የቆሙት እሳቸው ብቻ ሆነው ወጣቶቹ ግራ ተጋቡ፤ ሆኖም አክብሮት አይቀነስም ብለው ሁለቱን ዓመት ቆመው ተቀበሉ። ለመኖሪያ ፈቃድ የልደት የምስክር ወረቀት ሲጠየቁ፣ በእሳቸው ዘመን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ለማስረዳት አራት ጊዜ ተሰለፉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የቤተ ሙከራው ምድጃ ተራ ስላልደረሳቸው በተማሪዎች ማደሪያ ክፍላቸው ናሙና ሲቆሉ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኾ፣ ሁለት መቶ ተማሪ ግቢ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ፣ እሳቸው ናሙናው እንዳያርርባቸው ብለው መጨረሻ ወጡ። በመጀመሪያው መንፈቅ በስታትስቲክስ ፈተና ከሃያው ነጥብ ስድስት ብቻ አግኝተው ወደቁ። ይህን ለእናታቸው በስልክ ሲነግሩ እናታቸው ያልገባቸውን አንድ በአንድ እየለቀሙ እንዲያወጡ፣ የቀረው ደኅና እንደሆነ መከሯቸው፤ በድጋሚ ፈተናውም አሥራ አራት አገኙ።

ስልኩ የሚደወለው እሑድ እሑድ ወደ እኔ ሱቅ ነበር። እትዬ ወርቅያንጥፉ ከቅዳሴ መልስ ሱቄ በር አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ስልኩ ሲጮኽ መጀመሪያ እኔ አነሣለሁ፤ "እማዬ ደኅና ናት?" ስባል፣ "ወላሂ ደኅና ናቸው፣ እነሆ" ብዬ አቀብላለሁ። ሰፈርተኛው እንደሚያውቀው እኔ ስኳር አለቀ ለማለት እንኳ ወላሂ የምል ሰው ነኝ።

እትዬ ወርቅያንጥፉ ጥቂት ቀን ታመው ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት እኔንና ጽዮናዊትን አስጠርተው፣ የአባቷ ሞት አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት አውጥቷታል፣ የእኔ ደግሞ ሁለተኛ እንዳያወጣት፣ ጨርሳ እስክትመጣ አታርዷት ብለው ቃል አስገቡን። እኛም መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እዚያ አገርም ማለዳ ሄዶ አርድቷት የሚያስተዛዝናት ዘመድ የለምና፣ ቃላችንን ለመጠበቅ ቆረጥን።

እሑድ ጥር 19 ቀን ስልኩ ጮኸ። እንደወትሮው ሲጠይቁኝ፣ ደኅና ናቸው፣ ሸቤ ክርስትና ተጠርተው ሄደዋል አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጸበል ሄደዋል አልኩ። በሦስተኛው ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል አልኩ። በሐሰት በአላህ ስም እንዳልምል ብቻ እጠነቀቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወይዘሮ ብርሃንነሽ እናታቸውን አቅርቡልኝ ማለት ተዉ፤ "ሰላም በልልኝ" ብለው ስለ እኔ ስኳር በሽታ፣ ስለ ጽዮናዊት፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁ ጀመር። ውሸቱ ስለቀለለኝ ደስ አለኝ፤ በልቤ ግን ታዘብኳቸው። ፈረንሳይ እናቷን አስረሳቻት አልኩ፤ ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ።

ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አቅርበው በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው በሐምሌ ወር ተመለሱ። በወጉ መሠረት ወደ ቤታቸው ሳይሆን በቾ ቦሬ ሰፈር ወዳለው የልጃቸው ቤት ስንወስዳቸው ለምን ብለው አልጠየቁም። ማለዳ ሽማግሌዎች ሆነን ስናረዳቸው አልወደቁም፣ ፊታቸውን አልነጩም፤ ገና ካልተፈታው ሻንጣ ጥቁር ቀሚስ አውጥተው ለበሱና፣ ቁጭ ብለው እስከ ምሽት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለቀሱ። ልቧ ደንድኗል ብለው ያንሾካሾኩ ነበሩ። ከእነሱም አንዱ እኔ ነበርኩ።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታቸው ድረስ በሸቤ፣ በማና፣ በጎማና በሰቃ እየተዘዋወሩ ገበሬው ቡናውን ከመሬት አንሥቶ በሽቦ አልጋ ላይ እንዲያደርቅ አስተምረዋል። ቀድሞ የሚያነበው ባጣው ሪፖርታቸው ላይም አሁን ከነዲግሪያቸው በገዛ ስማቸው ፈርመዋል። በጡረታ ዘመናቸው እናታቸው ይሠሩበት በነበረው መጋዘን ለቃሚ ሴቶችን ቅምሻ ያሠለጥኑ ነበር፤ ዛሬ በዚህ ድንኳን ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው የሚያለቅሱት እነዚያ ሴቶች ናቸው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ እዚሁ ሳሎን ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ሲቀመጥ፣ በቤቱ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ስላልነበረ ማናችንም ከፍተነው አናውቅም። በአዲስ አበባ ፈረንሳይኛ የምታጠናው የልጅ ልጃቸው ጊፍቲ ማለዳ እንደደረሰች፣ ርእሱን ለዚህ ጽሑፍ ተርጉሚልኝ ብዬ ሰጠኋት። ርእሱን ሳትነግረኝ የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ማልቀስ ጀመረች። ገጹ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦

"ይህ ሥራ ለእናቴ ለወርቅያንጥፉ ነው። መሞቷን ያወቅሁት እሑድ ጥር 19 ቀን፣ ጎረቤቴ ሸኩር 'ደኅና ናቸው' ብሎኝ ሳይምል የቀረ ጊዜ ነው። እንዳይነግሩኝ ያዘዘቻቸው እሷ መሆን አለባት። ስለዚህ ጨርሼ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ ያረዱኛል።"

ወገኖቼ፣ አምስት ወር ሙሉ እኔ የደበቅኋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በሰው አገር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ አልቃሽም አስተዛዛኝም ሳይኖራቸው ሐዘናቸውን ብቻቸውን ይዘው፣ እሑድ እሑድ እየደወሉ የእኔን ጤና ይጠይቁ ነበር። ከተመለሱም በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ አጥር ላይ ቆመን ስናወራ አንድ ቀን አላነሡብኝም። ስለ እሳቸው በክፉ ያሰብኩትንና የተናገርኩትን ሁሉ በእናንተ ፊት መልሼ ወስጃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ አንዲት ልጃቸውን ጽዮናዊት ዘለቀን፣ የልጅ ልጃቸውን ጊፍቲን፣ በእሳቸው ላብ ያደጉ ሁለት ወንድሞቻቸውንና አንዲት እህታቸውን፣ ሙያቸውን ያወረሷቸውን ለቃሚ ሴቶች፣ እንዲሁም ይህን አሮጌ ጎረቤታቸውን ትተው ሄደዋል። ካህናቱ በሥርዓታቸው፣ እኔም በሥርዓቴ እንለምናለን፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፣ መቃብራቸውን ያስፋ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ።

እትዬ ወርቅያንጥፉ፣ ልጅዎ እየመጡልዎ ነው። ግማሽ ነገር አላመጡም፤ ሙሉውን ነው ይዘው የመጡት። ወላሂ።