ጊታሩ ዛሬ ሊሠራ መጣ

እንዴት ዋልክ ጀላል? ደህና ነህ ወይ ልጄ? ዓሊማስ? ያ ጉንፋን ለቀቃት? አልሐምዱሊላህ። እኛማ ደህና ነን፤ ዝናቡም አባራ፣ የመካነ ሰላም ጭቃም ጫማ መብላቱን ተወት አደረገ... ይቺን የእጅ ባትሪ ይዤልህ መጥቼ ነው። በጥፊ ካላሏት አትበራም። አትነሳ፣ አትነሳ፣ የያዝከውን ጨርስ። እኔ ምን ያስቸኩለኛል?

ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ አንጀቱን ያወጣኸው? ቤዝ ጊታር! ባለ አራት ክሩ! የማን ነው ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተም አትንገረኝ። በዚህ ከተማ ስንት ቤዝ ጊታር እንዳለ እኔ በምን አውቃለሁ? ደጅ አግዳሚው ላይ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ የተቀመጠውም ልጅ ሞባይሉን ሊያሠራ ይሆናል... ጮክ ብዬ ባወራ ይሰማል እንዴ? አይሰማም። የሙዚቃ ሰው ጆሮው... ማለቴ የሞባይል ሰው ጆሮው ሌላ ቦታ ነው።

ምኑን ነው የታመመው? ገመዱ የሚሰካበት? ጃኩ? ለካ እሱ ኖሯል! የጎረቤቴ የእንቁ ልጅ የተዳረ ለት ያየሁት ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ ትከሻውን ሲያራግፍ፣ አንድ ጎበዝ ገመዱን በጭኑ ተጭኖ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ እንደዚያው እንዳዘነበለ አመሸ። እኔ ሞኟ "አቤት ስልት!" ብዬ አደነቅሁ። ለካ ቀና ካለ ድምፁ ይጠፋበታል! ሁለት ዓመት ሙሉ ወግዲም አቀስታም ለሠርግ በተጠራበት ሁሉ እንዲሁ ጎብጦ ነው አሉ የተጫወተው። ወላሂ ትዕግሥቱ! አስፋልት ተሻግሮ አንተ ሱቅ ከመግባት ሁለት ዓመት መጉበጥ... ይሄ ለስንቱ ይሰጣል?

እስኪ ወዲህ በላት። ይቺው ናት? የፀጉር ዘለላ የምታህል ሽቦ ተነቅላ? ይቺስ? የገመዱን ጫፍ የምትነካው ምላሱ ናት? ምላስ እያለው ነዋ ሁለት ዓመት ዝም ያለው! "ዝም አይነቅዝም" ይባል ነበር... ጊታር ግን ይነቅዛል መሰለኝ። እና ምላሱን ትንሽ ጎበጥ አድርገህ፣ ሽቦውን በአንዲት ጠብታ ብየዳ ይዘህ፣ በቃ? ምሳ ሳይደርስ ያልቃል? አይ የሰው ነገር!

አንድ ልጅ ነበር አሉ፣ ስሙን ረሳሁት። አንዲቷን "ሽማግሌ እልካለሁ፣ ብቻ መጀመሪያ ጊታሬን ላሠራ" የሚላት። ክረምት ሲመጣ "ጊታሬን"፣ በጋ ሲመጣ "ጊታሬን"። አስተዋይ ነው እኮ! በተበላሸ ጊታር ማን ትዳር ይይዛል? የልጅቱ እናትም... የማውቃት ሴትዮ ናት... ወዳው ነበር። እውነቴን ነው፣ ከልቧ ወዳው ነበር። ከወግዲ ሽማግሌ ቢመጣ "ልጄ ገና ትማራለች" ብላ መለሰች። ልጅቱ ተመርቃ፣ ጤና ጣቢያ ተቀጥራ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ መርፌ ትወጋለች! ሽበት ፊት ዋሸችለት። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል አይደል? ያልቸኮለውንስ ምን ይሉታል ጀላል? ሌላ ሰው ለቀመለት?

ኋላማ ባለፈው ሐሙስ ከአጅባር ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ልጅ እህል ነጋዴ ነው፤ ሙዚቃ አያውቅ፣ ፉጨት እንኳ አይሆንለትም። ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ ብንላቸው... ብትላቸው ማለቴ ነው... "ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቀጥ። ልጅቱ ተጠየቀች። እናትየው እንኳ ልጄ አንድ ጊዜ ወደ በሩ አይታ ታመነታለች ብላ ጠብቃ ነበር። ምን ብትል ጥሩ ነው? "እማዬ፣ ድምፅ ስጠብቅ ጆሮዬ ደከመ። እሺ በያቸው።" እንባዬ ነው የመጣው... የሴትዮዋ እንባ።

እና ዛሬ ጊታሩ ሊሠራ መጣ! ደስ አይልም? ማሠራቱ ለምን እንደሆነ የገባው ይግባው፤ እኔ ምን አውቃለሁ? "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ታቅፈውት ታቅፈውት ይገማል እንጂ... እኔስ ደስ ብሎኛል። ጥር ላይ ድንኳን እንጥላለን፤ ያለ ቤዝ ደግሞ ዘፈን ሆድ አይገባም ይላሉ።

ውይ፣ ያ ልጅ ተነሣ እንዴ? ሞባይሉን ሳይወስድ? አብሽር በለው፣ አሁን ያልቅለታል።

የዚህን ጊታር ባለቤት፣ ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር ጣቱን ይባርክለት። የልጄን የመቅደላዊቴን ሠርግ ድንኳኑ መሀል ቆሞ ያሙቅልን። ዕድሜና ጤና ሰጥቶት፣ ልጆቿን ስትድርም የሚጫወትላት እሱ ይሁን። አሜን በል እንጂ ጀላል!